“ጸበል ከጀመርሽ ኬሞውን ተዪው” እና ሌሎች ጆሮዬን ያደነቆሩ አባባሎች

በካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ማዕተብ ያሰርኩ፣ በየወሩ በ21 ማርያምን የምዘክር ሰው ስለሆንኩ በእምነት ላይ ልቀልድ እንዳልመጣሁ ከወዲሁ ይያዝልኝ። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ኬሞ ስትጀምር ከመድኃኒቱ እኩል የሚያደክማት ጠያቂ ነው። አንዱ ገብቶ አንድ ነገር ይነግራታል፣ ሌላው ሌላ ይጨምርባታል፤ እኛ ደግሞ የተባለውን ስናቃና እንውላለን።

ትንንሾቹን ቶሎ ላሳልፋቸው።

“ፀጉሯ ካልረገፈ መድኃኒቱ አልሠራም።” ሐሰት። የፀጉር መርገፍ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ይበቅላል።

“ሽንቷ ደም ሆነ፣ ኩላሊቷን ጨረሱት።” ዶክሶሩቢሲን፣ እኛ ቀዩ የምንለው መድኃኒት፣ ራሱ ቀይ ነው። አንድ ሁለት ቀን ሽንት ቢያቀላ ቀለሙ ነው። ከዚያ ካለፈ ንገሩን።

“ይተላለፋል፣ ዕቃዋን ለዩ።” ካንሰር አይተላለፍም። የሚተላለፈው እናንተ ይዛችሁት የመጣችሁት ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን ካለባችሁ በስልክ ጠይቋት።

“ደሟ እንዲመለስ ጥሬ ሥጋ ትብላ።” ይሄ እንኳ ያበሽቀኛል። በሽታ የሚከላከልላት ነጭ የደም ሴሏ የወረደ ሴት ፊት ጥሬ ክትፎ ከአይብ ጋር ይዞ መቅረብ ፍቅር ይመስላል፣ ግን ጀርም ማጉረስ ነው። ሥጋው በደንብ ይብሰል፣ ወተቱ ይፈላ። ሰላጣው ደግሞ በዚያ ሰሞን ይቅር።

“ምን ብትበድል ነው?” የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው “ማን በደለ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?” ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ጌታ ምን እንደመለሰ እዚያው አለ። ካነበባችሁ በኋላ መጥታችሁ ጠይቋት።

አሁን ወደ ዋናው። “ጸበል ከጀመርሽ ኬሞውን ተዪው፣ ሁለቱን ማደባለቅ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።” ፕሮቴስታንት እህቶቻችንም የራሳቸው አላቸው፤ “ተጸልዮልሽ፣ ተፈውሰሻል ተብለሽ መልሰሽ መድኃኒት?” ይባላሉ። ነገሩ አንድ ነው።

ይህን የሚሉ ሰዎች የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያነቡ አላውቅም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ አልቅሶ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ ያንኑ መልእክት ያመጣው ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ደግሞ ይህ ክርክር በኤችአይቪ ጊዜ ያለቀ ነገር ነው! ብዙዎች እንጦጦ ጸበል ገብተው መድኃኒታቸውን ሲተዉ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። ለካንሰር ሲሆን ለምን ከሀ እንደምንጀምር አይገባኝም።

እኔ እንደማየው ሴቶቻችን የሚያቋርጡት ሲብስባቸው ሳይሆን ሲሻላቸው ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞ የምትወስድ ሴት ሁለተኛ ሦስተኛ ዙር ላይ እብጠቱ ሲሟሽሽ በራሷ እጅ ይታወቃታል። አንዲት የልጆች እናት አልረሳም፤ ስትመጣ አምስት ሳንቲሜትር የነበረው እብጠት ከሦስተኛው ዙር በኋላ በዳሰሳ ጠፋ። “ሲስተር፣ የለም እኮ!” ብላ እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አደረገችው። እውነትም የለም። ለአራተኛው ዙር ቀረች። ስንደውል ባለቤቷ አነሳ፤ “እግዚአብሔር ምሯታል፣ ጸበል ናት፣ አትደውሉ” አለን። ከፋሲካ በኋላ ስትመለስ ጡቷ ቆስሏል፣ ብብቷ ሥር አብጧል፤ ነጠላዋ ከቁስሉ ጋር ስለተጣበቀ ሳላይን እያፈሰስን ነው ያላቀቅነው። እሷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ባለቤቷ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኬሞው ከየት እንደሚጀመር ይጠይቀኛል።

በእጅ አልተዳሰሰም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ኬሞ በየዙሩ የሚገድለው ከሚባዙት ሴሎች የተወሰኑትን ነው፤ የተረፉት ጊዜ ካገኙ ይራባሉ። ብዙ ጊዜ በአንዱ ዙርና በቀጣዩ መሐል ያለው የ21 ቀን ልዩነትም ለቀጠሮ እንዲመች የተደረገ አይደለም፤ መቅኔ የተጎዱትን የደም ሴሎች የሚተካበት ጊዜ ነው። ያለ ምክንያት ከዚያ በላይ ሲዘገይ የሚጠቀመው ዕጢው ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ሰው የሚገድል አንድ አባባል አለ። “ብርድ ብርድ ብሏት ተንቀጠቀጠች፣ መንፈሱ ሊለቅ ነው።” እህቶቼ፣ ከዙሩ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚያ ሰሞን የሚመጣ ብርድና መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ፓራሲታሞል ውጦ ንጋትን መጠበቅ የለም። ኬሞ እንደምትወስዱ በር ላይ ተናገሩ። ቴርሞሜትር ግዙ፣ ውድ አይደለም።

“ታዲያ ጸበል አልሂድ ነው የምትዪው?” አላልኩም። ሂጂ፣ ግን ቀኑን ምረጪ። በየ21 ቀኑ ለምትወስድ ሴት የመጀመሪያው ሳምንት የማቅለሽለሽና የመድከም ነው፤ ከአልጋዋ ሆና ትጸልይ። ሁለተኛው ሳምንት ከሕዝብ መሐል የምትርቅበት ነው፤ የታሸገ ሃይላንድ ልካ የንስሐ አባቷ ጸሎት ይድገሙበት፣ እሱን ትጠጣ፣ እሱን ትረጭ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደሟ ሲያገግምና ሐኪሟ ሲፈቅድላት ትሂድ፤ የ7 ቀን ሱባኤ ለመያዝ እንኳ ይበቃል። ከምንጭ የተቀዳውን ሳይፈላ መጠጣት ግን እስከ ሕክምናው መጨረሻ ይቅርባት። የቀዶ ጥገናው ቁስል ካልደረቀ ውኃ አይንካው። እምነቱንም ግንባሯን ትቀባው እንጂ ቁስል ላይ አይነስነስ። ፓክሊታክሴል የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት በየሳምንቱ የምትወስድ ከሆነ አቆጣጠሩ ይለያል፤ እኛን ጠይቂ፣ አንቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እንቆጣለን።

“ጾም ከፈታሁ ጸሎቴ አይሰማም” የሚሉኝም አሉ። ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለል የንስሐ አባት ሥልጣን ነው፤ የጎረቤት አይደለም። ቀጥታ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ይገባል። ሥጋና እንቁላል አልነካም ካልሽ እንኳ በሽሮው፣ በምስሩ፣ በባቄላው፣ በኦቾሎኒው ልናግዝሽ እንችላለን። የሚጎዳሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው፤ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል፣ ክኒኑም ሰዓቱን ይስታል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ።

ስለ ቁርባን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ እያፈሩ ዝም ብለው ይቀራሉ። ፍርሃታቸው ግልጽ ነው፣ ቆርቤ ቢያስመልሰኝስ? ነው። መልሱ እዚያው አቆጣጠር ውስጥ አለ። ማስመለሱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከቀጣዩ ዙር በፊት ያለው እሑድ ግን ለአብዛኛዋ ሴት ሆዷ የተረጋጋበት ነው። ጠዋት የሚዋጥ ክኒን ካለሽ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን አይሁን ሐኪምሽንም ካህኑንም አስቀድመሽ ጠይቂ። እኔ የማውቃቸው ካህናት እንዲህ ላለው ጥያቄ ፊት ነስተው አያውቁም።

የመጨረሻው፣ “ኬሞ ጨርሻለሁ፣ ጌታ ይመስገን፣ ከእንግዲህ መድኃኒት የለም።” ይመስገን! ግን ዕጢሽ ሆርሞን ተቀባይ ነው፣ ማለትም በሆርሞን የሚያድግ ነው፣ ከተባለ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን አለ፤ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይዋጣል። ሕመም ስለሌለሽ አይቆምም፣ ለሱባኤም አይቆምም። ገዳም ስትሄጂ ከመጽሐፍሽ ጋር አብሮ ይጠቅለል፤ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማዘዣሽን ለማሳደስ ነዪ።