የድሮ ቤት እድሳት በጎንደር፦ ከግድግዳ እስከ ጌጥ

ጎንደር ውስጥ የድሮ ቤት ሲባል ሦስት ዓይነት ቤት ነው የሚታሰበው። አንዱ በድንጋይና በጭቃ፣ አንዳንዴም በኖራ የተገነባው ነው። ሁለተኛው ጣሊያን ፒያሳና ዙሪያዋ ላይ ትቶት የሄደው። ሦስተኛው በእንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገው፣ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ነው። ስለ ግንቦቹ መጽሐፍ ሞልቷል። የተራው ሰው ቤት ውስጡ እንዴት እንደሚታደስ ግን አንድ ቦታ የጻፈው የለም፣ ሁሉም ያለው ለሳኞችና አናጢዎች አፍ ላይ ነው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከግንቡ የተወረሰው

ነገሩ የሚጀምረው ከፋሲል ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ገደማ ሲቆረቁሩ ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ሙያ አብሮ ሥር ሰደደ። ግንቡን ፖርቹጋሎች ሠሩት የሚል ወሬ ዛሬም አልጠፋም። ከፖርቹጋሎች ጋር የሚነሱትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ፋሲል ከአገር ያባረሯቸው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ነው፤ ስለዚህ ወሬው እዚህ ላይ ቢበቃው ጥሩ ነው። የሕንድ ግንበኛ እጅ አለበት የሚለው ሊሆን ይችላል። ኖራው በእንቁላል ተቦክቷል የሚሉም አሉ፤ ያን ያህል የሚጥል ዶሮ ከየት እንደመጣ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ውስጥን በማስጌጥ ደረጃ ስሙ የሚነሳው የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ ነው። በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ጣሪያ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በኋላ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ አገኘው። ዛሬ ውስጡ ገብቶ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ሰማይ ነው። በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ላይ በድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን አሁንም ይታያሉ፤ በ1762 የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ያረፈው ቁስቋም ነበር። ጣሪያ ማየት የፈለገ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂድ። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ከላይ ሆነው ያዩታል። በዘመኑ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ መለጠፉ የተለመደ ነበር። በኋላ እናቶቻችን ጣሪያ ሥር የወጠሩት አቡጀዲ የዚያ ጨርቅ የልጅ ልጅ ይመስለኛል።

የተራው ሰው ቤት እንዲህ አልታደለም። በ1859 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፣ በ1880 ደግሞ የሱዳኑ ድርቡሽ ደገመው። «ቤቱ የፋሲል ዘመን ነው» የሚል ደላላ ካጋጠመ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው።

ጣሊያንና ከዚያ ወዲህ

ጣሊያን በ1928 ገብቶ ኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ገነባ። የከተማውን ፕላን ያወጣው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ነው። ሲኒማውና ፖስታ ቤቱ ዛሬም ቆመዋል። በቤቶቹ ጣሪያው ከፍ፣ መስኮቱ ሰፋ ይላል። ወራሪ ወራሪ ነው፣ የሙያው ቋንቋ ግን አልለቀቀንም፦ ኮርኒስ፣ ሊሾ (ለስላሳው የሲሚንቶ ወለል)፣ ጄሶ፣ ስቱኮ። አንድ ለሳኝ እነዚህን አራት ቃላት ሳይጠራ ቀኑን አይውልም።

በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። የራሱ ያልሆነ ቤት ላይ ማን ገንዘብ ያፈሳል?

ግድግዳ

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጭቃና የኖራ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል። ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጨው ይዞ ይገፋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ ያብጣል። በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። የአክስቴ ቤት በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ግንበኛው «ሲሚንቶ ይሻልሻል እትዬ፣ ለልጅ ልጅ ይሆናል» አላት፣ እሷም ሰው አማኝ ናትና እሺ አለች፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግን ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ከነልስኑ ወረደ። ለልጅ ልጅ ቀርቶ ለልጁ ሰርግም አልደረሰ።

ግንቦቹም ይህን ስህተት ቀምሰዋል። ጣሊያን ሲጠግናቸው ሲሚንቶና ኮንክሪት ተጠቅሞ ነበር። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን አንስተው ወደ ኖራ ተመልሰዋል። ፋሲል ግቢ በ1972 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለግንቡ የሚበጀው በእጨጌ ቤትና በአቡን ቤት፣ በድሮዎቹ ሰፈሮች፣ ላለው ግድግዳ እንዴት አይበጅም?

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የድሮው ልስን እስከ ድንጋዩ ይፋቃል። ቀይ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ እስኪሸት ይተዋል፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላይ ኖራ ይመጣል። የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ስለዚህ ልጆች ከግቢ ይውጡ። በርሜል ውስጥ ሳምንታት ቢቀመጥ ይሻላል። የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ በመሆኑ ስስ ስስ አድርጎ መደራረብና ፀሐይ እንዳይመታው እያርከፈከፉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ለስኖ ነገ ቀለም ለመቀባት የሚቸኩል ሠራተኛ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ነው። የመጨረሻው ቀን ደግሞ የታወቀ ነው፣ ጥምቀት። ከጥር 11 በፊት ያልተቀባ ቤት እንግዳ ፊት ያሳፍራል፤ የጥር ሰርግ ያለበት ቤትማ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመነካቱ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ጣሪያና ወለል

መጀመሪያ እንጨቱን ማየት ነው። ጥድና ወይራ ከሆነ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ጠርጎ ዘይት መቀባት ይበቃል። ባሕር ዛፍ ከሆነ በቢላ እየወጉ መፈተሽ ነው። ኮርኒሱ ድሮ አቡጀዲ ነበር፣ ከዚያ ማዳበሪያ፣ ከዚያ ቺፑድ፣ አሁን ጄሶ። ጄሶ ያምራል፣ አይካድም፣ ግን ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ አንድ ክረምት አይሻገርም። ቆርቆሮውን ሳያስተካክል ጄሶ የሚያሠራ ሰው ብሩን ውሃ ውስጥ ነው የሚጥለው።

ወለሉ ድሮ በእበት ይለቀለቅ ነበር። አሁን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ነው። የአፈር ወለል ላይ በቀጥታ ሴራሚክ ሲነጠፍ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ከሥር ድርድር ድንጋይ ቢገባ ብዙ ይረዳል። ወለል ሲቆፈር አብሮ የሚፈርሰው መደብ ነው። «የገጠር ነው» ይባልና ሶፋ ይገባል።

ጌጥ

ግድግዳው ላይ የማርያምና የጊዮርጊስ ሥዕል፣ የምረቃ ፎቶ፣ ሰፌድ ይሰቀላል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል። ጥግ ላይ መሶብ፣ መደርደሪያ ላይ ከከተማዋ አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የመጣ ሸክላ። በጭቃ ቤቶች ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር፣ ሲቆሽሽ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። እድሳት ላይ ሲላጥ ሠራተኞቹ ማንበብ ይጀምሩና ሥራው ይቆማል።

ክብ ቤት ያለው ሰው ትልቁ ራስ ምታቱ ቁም ሣጥን ነው። አራት ማዕዘን ዕቃ ክብ ግድግዳ ላይ አይጠጋም፣ ከኋላው የአይጥ ሰፈር ይሆናል። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ለዕቃውም ለኩራዙም ግድግዳውን ወደ ውስጥ አጎድጉደው ቦታ ይሠሩለታል፣ ለመቀመጫ ደግሞ መደብ አለ። አክስቴ ሲሚንቶውን አስፍቃ በኖራ ካስለሰነች በኋላ ሶፋውን ሸጣ መደቡን መልሳ አሠራችው፣ ስፖንጅ አነጠፈችበት፣ ጥልፍ አለበሰችው። ፒያሳ ያለ አንድ ካፌም በቅርቡ እንዲሁ ያለ መደብ ሠርቷል፤ «ባህላዊ» ብሎ ቡናውን አስወድዶታል።