የሜዳ ሣር አያያዝ፦ ከጎልፍ ሜዳ እስከ ወሎ ኳስ ሜዳ

ወሎ ውስጥ ጎልፍ ሜዳ አለ ወይ ብትሉኝ እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም፣ ጎልፍ ሲባል ትዝ የሚለን ቲቪ ላይ የምናየው ምንጣፍ የመሰለ ሣር ነው። ግን ያን ሣር እንዴት እንደሚይዙት ስታዩ ለደሴም ለኮምቦልቻም ለወልድያም ኳስ ተጫዋች የሚሆን ነገር አለው፣ ሣሩ የሚሞትበት ምክንያት እዚያም እዚህም ያው ነው።

ደግሞ አጀማመሩ ብዙም ከኛ አይርቅም። ጎልፍ ዛሬ ባለው መልኩ ያደገው ስኮትላንድ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ አሸዋማ ግጦሽ ነው፣ ሣሩን አሳጥረው የሚይዙት በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ። እኛም ጋ ማጨጃ ማሽናችን በግ ነው። በግ ደረቅ ሜዳ ላይ ሲግጥ ብዙ ጉዳት የለውም፣ ቀላል ነው፣ ሣሩንም አጠር አድርጎ ይተዋል። ችግሩ ከብት ነው፣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ በሬ ካለፈበት የኮቴው ጉድጓድ እስከ በጋ ይደርቅና የልጅ ቁርጭምጭሚት ይጠብቃል።

ዛሬ ሙሉ የጎልፍ ሜዳ የሚባለው 18 ጉድጓድ ያለው ነው፣ የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር፣ ጉድጓዱ ያለበት ግሪን የሚባለው ቦታ ሣሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ድረስ ይታጨዳል። ኳስ ሜዳ ግን እንደዛ አይፈልግም፣ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። እኛ ሰፈር ውድድር ሊጀመር ሲል ጉልበት እስኪደርስ ያደገውን ሣር በማጭድ አንዴ ጠራርገው ይቆርጡታል፣ ከዛ ቢጫ ሆኖ ሲቀር ፀሐይ ነው ይባላል። ፀሐይ አይደለም፣ ሣር በአንድ አጨዳ ከቁመቱ ሲሶ በላይ ከተቆረጠ ሥሩ ይዳከማል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ነው የሚታጨደው።

ጎልፍ ላይ እኔን የገረመኝ ግን ማሽኑ ሳይሆን የተጫዋቹ ፀባይ ነው። ኳሷ ከላይ ወርዳ ግሪኑ ላይ ስታርፍ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ትተዋለች፣ ያንን ተጫዋቹ ራሱ ኪሱ ውስጥ ባለች ትንሽ ሹካ ይጠግነዋል፣ ሹካዋን ከጠባሳው ዳር ሰክቶ ሣሩን ወደ መሃል ይገፋዋል እንጂ ከሥር ወደ ላይ አያነሳውም፣ ካነሳው ሥሩ ይበጠሳል። ወዲያው ከተጠገነ በቀናት ይድናል፣ ካልተጠገነ ሳምንታት ይፈጃል። በዱላው ተገምጦ የወጣ ሣር ካለም ወይ መልሶ ይረግጠዋል ወይ ቦታውን በአሸዋ ይሞላዋል፣ ሜዳው ላይ ለማሰናከያ ተብሎ የተሠራ አሸዋ የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከመታ ደግሞ የራሱን ዱካ በሬክ፣ ማለትም ጥርስ ባለው መጥረጊያ፣ አስተካክሎ ነው የሚወጣው።

እኛስ? በታኬታ ተገምጦ የወጣ ቁራጭ ሣር አለ አይደል፣ ሁላችንም በእግራችን ጠልዘነው ነው የምናልፈው። ሥሩን ወደ ታች አድርጎ መልሶ መርገጥ 3 ሰከንድ አይፈጅም፣ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ በደንብ ይይዛል። በተለይ ሣራችን ሰርዶ ከሆነ። ገበሬ ማሳው ውስጥ ሲያየው የሚረግመው ሰርዶ በሞቃት አገር ጎልፍ ሜዳ ላይ ቤርሙዳ እየተባለ በገንዘብ የሚተከለው ነው፣ ዝርያው ያው አንድ ነው። ከመሬት በላይም በታችም እየተሳበ ስለሚሄድ የተላጠ ቦታ ራሱ ይሸፍናል፣ ጊዜ ከሰጣችሁት። ሙቀት ይወዳል፣ ለዛ ነው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ የሚያገግመውና 2,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሴ ላይ ብርዱ ሲገባ የሚያንቀላፋው።

ውሃ ሌላ ጣጣ ነው። 105 በ68 የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ለማጠጣት 7,140 ሊትር፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 357 ጀሪካን ማለት ነው፣ በበጋ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም። በጥር 2009 እንደተመረቀው፣ 25 ሺህ ገደማ ተመልካች እንደሚይዘው የወልድያው ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ያለ ቦታ የራሱ ሠራተኛ ይኖረዋል፣ የሰፈር ሜዳ ግን የሚያጠጣው ሰማዩ ብቻ ነው።

እና ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው፦ የሰፈር ውድድር የሚበዛው ተማሪ ሲያርፍ ነው፣ ተማሪ የሚያርፈው ክረምት ነው፣ ክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ውሃ የጠገበበት ጊዜ ነው። ዋልካ አፈር ከሆነማ አለቀ። እርጥብ ዋልካ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፣ በውስጡ አየር አይዞርም፣ ውሃም አይሰርግም፣ ከዛ ያ ቦታ ሁልጊዜ ኩሬ ነው። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ በቀን ሦስት ግጥሚያ ተጫወትን፣ እኔም ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ፣ ለማንም አላሳብብም። የጎሉ አፍ ጭቃ ሆነ፣ በጋ ላይ እንደ ሸክላ ደረቀ፣ በረኛችን እስከ ፋሲካ ክርኑ ተልጦ ከረመ።

አሁን የምናደርገው ቀላል ነው። ከጨዋታ በፊት አንድ ሰው ይወጣና ተረከዙን መሬቱ ላይ ይጫናል፣ ውሃ ካንቦጫረቀ የዛን ቀን ሜዳ አንገባም፣ አብሽር ነገም አለ። ልምምድ ደግሞ ጎሉ ፊት ሳይሆን ዳር ላይ ነው፣ ድንጋይ ሆነ ቦርሳ ጎል የምናደርገውንም በየሳምንቱ ቦታ እናቀያይራለን፣ ሣሩ በተራ እንዲያርፍ። ከሰልፍ ወይ ከሠርግ በኋላ የድንኳን ካስማ የተነቀለበትን ጉድጓድ በአፈር እንሞላለን፣ ገረባውንና ሃይላንዱን እንለቅማለን፣ ምስማር ካለ ይኼ ግዴታ ነው።

ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው ዝነኛ ሜዳ እሁድ እሁድ ለጎልፍ ዝግ ነው፣ ሰው ውሻውን ይዞ ይዘዋወርበታል እንጂ ጨዋታ የለም። እኛ ጋ እሁድን ዝጉ ያለ ሰው በድንጋይ ነው የሚባረረው። ስለዚህ ሰኞንና ማክሰኞን መረጥን፣ ልጆቹ አሁንም በአጥር ሾልከው ይገባሉ።