ዝቅተኛ ኤስፒኤፍ ያለው የፀሐይ መከላከያ ሎሽን አፈታተን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ፀሐይ አንጻር

ኤስፒኤፍ በፀሐይ መከላከያ ሎሽኖች ዕቃ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ነው። ሎሽን የተቀባ ቆዳ እስኪቀላ የሚወስደው የጨረር መጠን፣ ያልተቀባው ከሚወስደው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። በአውሮፓ አመዳደብ 6 እና 10 ዝቅተኛ፣ ከ15 እስከ 25 መካከለኛ፣ 30 እና 50 ደግሞ ከፍተኛ ይባላሉ። ቁጥሩን በሚያስቀረው ጨረር ካየነው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፦ 10 ቁጥር 90 በመቶውን፣ 30 ቁጥር 97 በመቶ ያህሉን ይከላከላል። ቆዳን የሚጎዳው ግን የሚያልፈው ነው። 6 ቁጥር 17 በመቶ ገደማ ያሳልፋል፤ ይህም 30 ቁጥር ከሚያሳልፈው አምስት እጥፍ ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ዓይን የማያየው፣ ቆዳን የሚያቃጥለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ሰማዩ እኩል ከጠራ፣ ጃኬት የሚያስለብሰው የደሴ ቀን ላብ ከሚያስጠርገው የኮምቦልቻ ቀን በ7 በመቶ ያህል የበረታ አልትራቫዮሌት አለው። «ብርድ ነው፤ ፀሐዩ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቆዳ ሙቀትን ይለያል፣ አልትራቫዮሌትን ግን ቃጠሎው እስኪወጣ ድረስ አያውቀውም። ስስ ደመናም ብዙ አይከላከልም። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ጨረሩ የሚበረታውም እኩለ ቀን ሊባል በተለመደው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 20 ደቂቃ ያህል ዘግየት ብሎ ነው። በጠራ ቀን የአልትራቫዮሌት መለኪያው ከ11 በላይ መውጣቱ የተለመደ ሲሆን፣ ይህም በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ነው።

በዕቃው ላይ የሚታተመው ቁጥር የሚገኘው ከሰው ቆዳ ነው። አይኤስኦ 24444 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ቢያንስ አሥር ፈቃደኞች ጀርባቸው ላይ ሎሽኑን በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ይቀባሉ። እስኪደርቅ ተጠብቆ የፀሐይን ብርሃን በሚመስል የዜኖን መብራት በየነጥቡ እየጨመረ የሚሄድ መጠን ይሰጣቸዋል፤ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም የትኛው ነጥብ እንደቀላ ይታያል። ለዝቅተኛ ቁጥሮች፣ ኤስፒኤፋቸው አስቀድሞ የታወቀ የራሳቸው ማነጻጸሪያ ሎሽኖች አሉ፤ የማነጻጸሪያው ውጤት ከሚጠበቀው ክልል ከወጣ ፈተናው ተቀባይነት የለውም።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ የሚገባው ነገር አለ። መቅላት በግልጽ የሚታየው ነጣ ባለ ቆዳ ላይ በመሆኑ ተፈታኞቹ የሚመረጡት ከዚያ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ሜላኒን በተባለው ቀለሙ ምክንያት የራሱ መከላከያ አለው፤ የሚቀላው ዘግይቶ ነው፣ ሲቀላም ለዓይን አይጎላም። ቁጥሩ ስለ ሎሽኑ የሚናገረው ለሁሉም ይሠራል፤ «ይህን ያህል ደቂቃ ፀሐይ ላይ ብትቆም አይነካህም» የሚለው ስሌት ግን ለወሎ ሰው ቆዳ አልተሰላም። ማድያት ያለበት ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ማወቅ አለበት፤ ማድያትን የሚታየው ብርሃንም ያባብሰዋል፣ የኤስፒኤፍ ፈተና ደግሞ የሚታይ ብርሃንን ጨርሶ አይለካም። ለእንዲህ ያለው ሰው የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው ዓይነት የተሻለ ነው።

ያለ ሰው ቆዳም መፈተን ይቻላል። ፋርማሲና ኬሚስትሪ በሚሰጡ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት ተማሪዎች የሚያውቁት ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ፣ ተመራማሪው ማንሱርና ባልደረቦቹ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀላል ዘዴ ለዚህ ይውላል። አንድ ግራም ሎሽን በ100 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ይሟሟና ይጣራል፤ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትሩ ወደ 50፣ ከዚህኛውም 5ቱ ወደ 25 ይቀጥናል። ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር (የጨረር ሞገድ ርዝመት መለኪያ) በየ5 ናኖሜትሩ ሰባት ንባብ ይወሰዳል። እያንዳንዱ ንባብ በተወሰነለት ክብደት ይባዛል፤ ትልቁ 0.3278 ሲሆን የሚሰጠው ለ305 ናኖሜትር ነው። ድምሩ በ10 ሲባዛ የኤስፒኤፍ ግምት ይገኛል። የናሙና መያዣው የግድ ኳርትዝ መሆን አለበት፤ ተራ መስታወት ራሱ ዩቪ-ቢን (አጭር ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት) ስለሚውጥ ውጤቱን ያበላሻል። ዘዴው ርካሽ ስለሆነ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በኤታኖል የማይሟሙ ብናኞች ስለሆኑ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ። በማዕድን የተሠራን ሎሽን በዚህ ዘዴ ለክቶ «ሐሰተኛ ነው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

በብዛት የሚሞከረው ግን ሱቅ ውስጥ የብር ኖት የሚፈተሽበት ወይንጠጅ መብራት ነው። ሎሽኑን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ቀብቶ በመብራቱና በነጭ ወረቀት መካከል መያዝ፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ማብራቱን ካቆመ ሎሽኑ ሠርቷል ይባላል። ትዕይንቱ ያምራል፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። እነዚህ መብራቶች የሚሰጡት 365 ወይም 395 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ይህ ዩቪ-ኤ የሚባለው ረዘም ያለ ሞገድ ያለው አልትራቫዮሌት ነው፣ 395ማ ከሚታየው ብርሃን ደጃፍ ላይ ነው። ኤስፒኤፍ የሚለካው መቅላት ደግሞ በዋናነት የዩቪ-ቢ ሥራ ነው፤ የ300 ናኖሜትር ጨረር ቆዳን ለማቅላት ከ360ው ከሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል። ስለዚህ ዩቪ-ቢን ብቻ የሚውጥ ደህና 10 ቁጥር ሎሽን በመብራቱ ፊት ምንም እንዳልሠራ ሆኖ ሊታይ ይችላል። መብራቱ የሚጠቅመው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሎሽን ከዩቪ-ኤም ይከላከላል ወይ? ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ብዙ ሎሽኖች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። ወደ ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ ዩቪ-ኤ መሆኑ ጥያቄውን ያከብደዋል፤ ቆዳን የሚያስረጀውና የመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባውም እሱ ነው።

ለተመሳሳይ ጥያቄ ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር መነጽር ከመብራቱ ይሻላል፤ ብርሃኑ የራሱ የፀሐይ ነውና። አንዱ ሌንስ ፊት ባዶ ፕላስቲክ፣ ሌላው ፊት ሎሽን የተቀባ ተመሳሳይ ፕላስቲክ ይደረግና ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ይቆያል። በሎሽኑ ሥር ያለው ነጣ ብሎ ከቀረ ዩቪ-ኤው ታግዷል። ቅባት በመሆኑ ብቻ የሚመጣውን ለውጥ ለመለየት ተራ ቫዝሊንም በሦስተኛ ፕላስቲክ መሞከር አለበት። እንዲህ ያለው ሌንስ በብርድ ይበልጥ ስለሚጠቁር፣ የደሴውን ውጤት ከኮምቦልቻው ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ሁሉም እዚያው፣ በአንድ ሰዓት መታየት አለባቸው።

በየትኛውም ሙከራ ውጤቱን የሚወስነው ውፍረት ነው። በጣት ዝም ብሎ መቀባት ፈተናውን ዋጋ ያሳጣዋል፤ 10 በ10 ሴንቲሜትር ለሆነ ፕላስቲክ በደረጃው የሚያስፈልገው 0.20 ግራም ነው። ይህን የወጥ ቤት ሚዛን አይለየውም፤ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነበው ሚዛን ግን ይለየዋል። 0.20 ግራም ተመዝኖ ሲቀባ ወፍራምና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ማንም በየቀኑ ፊቱን እንዲህ አይቀባም። ሰዎች በልማድ የሚቀቡት በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሚገባው ሩብ እስከ ግማሽ ነው፤ መከላከያውም ቢያንስ በዚያው ልክ ይወርዳል። 10 ቁጥር በግማሽ ውፍረት ከ5 ብዙም አይርቅም። ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ያስፈልጋል፤ ውጭ ለሚውል ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ሎሽን ጠዋትና አመሻሽ ብቻ ለሚወጣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው ሰው የተወሰነ ጥቅም አለው። አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆች ግን ፈጽሞ አይበቃም፤ ለእነሱ ከ30 በላይ የሆነና ዩቪ-ኤንም የሚከላከል ሎሽን፣ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ አብሮ ያስፈልጋል። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም የሚጠቀሙ ሰዎችም ቆዳቸውን የተፈጥሮ መከላከያውን እያሳጡት ስለሆነ በዝቅተኛ ቁጥር መተማመን የለባቸውም። ቆዳው ላይ የማይድን ቁስል ወይም የሚለዋወጥ ምልክት ያየ ሰው ሎሽን መርጦ ከመቆየት ይልቅ ሐኪም ይይ፤ ለደሴና ለአካባቢዋ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው።