ሳይክል በስኮርታ ላይ መጫን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ሳይክል ጭኖ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎርጎራ መውጣት የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፖርቶ መጋላ ነው። ፕራዶ፣ ፓጄሮ ወይም የቆየ ራቭ ፎር ያለው ግን የኋላ በሩ ላይ የተሰቀለውን ስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማውን፣ ያያል። እሱ ላይ የሚታሰር መጫኛ አለ። ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚልከው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

“ካርቶኑ ላይ ስኪ ስለሚል ለእኛ አይሆንም”

ይሆናል። አንዳንዱ መጫኛ በብርዱ ወራት ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተቻ)፣ በሙቀቱ ሳይክል ለሚጭኑ አገሮች የተሠራ ነው። የስኪው ክንድ ብዙውን ጊዜ ለብቻው የሚገጠም ስለሆነ ይቅርባችሁ። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም ስኪ የሚነዳበት በረዶ የለውም። በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም እንኳ ስኪን የተማረው አሜሪካ ነው።

“ክብደቱን የሚሸከመው ጎማው ነው”

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ክብደቱ በስኮርታው መቀመጫ ብረት አልፎ በሩ ላይ፣ ከዚያም ማጠፊያዎቹ ላይ ያርፋል። የፕራዶ ስኮርታ ራሱ 30 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ የተራራ ሳይክል ከ13 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ሳይክልና መጫኛው ሲጨመሩ በሩ የሚሸከመው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሳይክሉ ከበሩ ራቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል ደግሞ መኪናው በነጠረ ቁጥር በሩን የሚስበው ጉልበት ይብሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን በር ክፈቱ። ከማጠፊያው ወዲያ ያለውን ጫፍ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ቀጭ ካለ ማጠፊያው ተበልቷል። ከዚያ በሩን ዝጉና ስኮርታውን ከአናቱ ይዛችሁ ነቅንቁት። ጎማው ብቻ ከተወዛወዘ መቀመጫው ላልቷል፤ በሩም አብሮ ከሄደ ችግሩ መቆለፊያው ወይም ማጠፊያው ጋ ነው። እንዲህ ከሆነ መጫኛው ይቆይ፣ መኪናው መካኒክ ጋ ይሂድ።

አብዛኞቹ መጫኛዎች ሁለት ሳይክል ላይ የሚቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው። “ይቺ የልጅ ሳይክል ናት፣ ምንም አትል” ብሎ ሦስተኛ መጨመር የለም። የባትሪ ሳይክል ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻውን ከ20 ኪሎ ያልፋል። እኔ ብሆን አልሰቅለውም። የመኪናው መመሪያና የመጫኛው መመሪያ የተለያየ ክብደት ከጻፉ ያነሰውን ያዙ።

“ስኮርታው ከኋላ ከሆነ ሁሉም ይገጥማል”

አይገጥምም። የቡሎኖቹ ብዛትና ርቀት ከመኪና መኪና ይለያያል። የጎማው ውፍረትም እንዲሁ፤ ሰፊ ጎማ የቀየረ ሰው አጭር መጫኛ ከገዛ ክንዱ ጎማውን አልፎ አይወጣለትም። ቀጥ ያለ እንጨት ጎማው ላይ አጋድሙና ከእንጨቱ እስከ ዳዶዎቹ ማረፊያ ያለውን ጥልቀት በሜትር ለኩ። ልኩን ለሚልክላችሁ ሰው ቀድማችሁ ንገሩት። የመጫኛው ብረት ቸርኬው ላይ ሲደረብ ቡሎኑ ያጥራል፤ ዳዶው ሁለት ዙር ብቻ ነክሶ ከቆመ ረጅም ቡሎን ያስፈልጋል።

“አንዴ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል”

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ላይ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ወደ ሳንቃበር ካምፕ፣ የሚወስደው ኮረኮንች ሲጀምር ነው። ደባርቅ ላይ ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት መፍቻ አውጡና ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ፤ ማሰሪያውንም ሳቡት። አቧራ ማሰሪያው ሥር ገብቶ የሳይክሉን ቀለም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። የፊት ጎማውን ከፍሬሙ ጋር እሰሩት። አለበለዚያ መሪው እየዞረ የመኪናውን መስታወት ይደበድባል።

“ጎማ ቢተነፍስ ስኮርታ አለኝ”

አላችሁ፣ ግን ከመጫኛው ጀርባ ነው። ሳይክሎቹ ይወርዳሉ፣ መጫኛው ይፈታል፣ ከዚያ ነው ስኮርታው የሚወጣው። ሊማሊሞ ላይ ሲመሽ ይህ አያስደስትም። የመጫኛው መፍቻ ከመኪናው የጎማ መፍቻ ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል ከክሪኩ ጋር አስቀምጡት። ቁልፍ ካለው ቁልፉም ቤት እንዳይቀር። ዳገት ላይ ቆማችሁ ሳይክል የተሰቀለበትን በር ስትከፍቱም ያዝ አድርጉት፤ ከብዶ ሰው ሊመታ ይችላል።

“ከኋላ ስለሆነ ምንም አይከልልም”

ታርጋውን፣ የፍሬን መብራቱንና የኋላ ካሜራውን ሊከልል ይችላል። ሳይክሎቹን ሰቅላችሁ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ እዩ። ማርሚታውንም እዚያው ተመልከቱት። የሳይክሉ ጎማ ከጫፉ ፊት ለፊት ከዋለ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ላስቲኩን ስለሚያበላሸው ከፍ ወይም ወደ ጎን አድርጋችሁ እሰሩት።