ኦንኮታይፕ ምንድን ነው?

አሜሪካ ያለች ጓደኛችሁ የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ካደረገች በኋላ ደውላ «ኦንኮታይፔ 18 መጣ፣ ኬሞ ይቅርብሽ አሉኝ» ብትላችሁ፣ ደስ ይላችሁና ስልኩን ስትዘጉ ግን «18 ምኑ ነው? ፐርሰንት ነው?» ማለታችሁ አይቀርም።

ፐርሰንት አይደለም። ካንሰሩ የመመለስ አደጋውን የሚያሳይ፣ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ነጥብ ነው፣ ዝቅ ሲል ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን ምርመራ ብራካ ከሚባለው ጋር ያምታታዋል። ብራካ ከእናት ከአባት የተወረሰውን ጂን ነው የሚያየው። ኦንኮታይፕ የሚያየው የዕጢውን ጂኖች ነው፤ እሱም መኖራቸውን ሳይሆን ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ። ሬዲዮ ቤት ውስጥ መኖሩ ሌላ፣ መከፈቱ ሌላ፣ ጎረቤት እስኪነቃ መጮሁ ሌላ። ጂን ሲሠራ አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ያወጣል፤ የሚለካው እሱ ነው።

የወጣው ዕጢ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በሰም ይደርቃል። ከዚያ እንደ ወረቀት ስስ ተደርጎ ይቆረጥና ካሊፎርኒያ ላለው ላብራቶሪ ይላካል። እዚያ 21 ጂኖች ይለካሉ። 5ቱ ማመሳከሪያ ብቻ ናቸው። ከቀሩት 16 ውስጥ እንደ ኬአይ-67 ያሉት፣ ሴሉ ቶሎ ቶሎ እየተባዛ ነው የሚሉት፣ ነጥቡን ሽቅብ ይጎትቱታል፤ ኢስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ጋር የሚሠሩት ደግሞ ቁልቁል። ለሁሉም ዓይነት የጡት ካንሰር ግን አይደለም፤ ሆርሞን ተቀባይ ላለው፣ ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን ላልበዛበትና ገና ላልተሰራጨው ነው።

ድሮ ሐኪም የዕጢውን መጠን፣ የብብት ንፍፊቱንና ዕድሜን አይቶ «ለማንኛውም ኬሞ እንስጣት» ይል ነበር። ለማንኛውም ተብሎ ፀጉር ይረግፋል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ወራት ይሄዳሉ። ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የገቡበት ቴይለርኤክስ የተባለው ጥናት ውጤቱ በ2018 እንደ አውሮፓውያኑ ወጣ። ንፍፊታቸው ንጹሕ ሆኖ ነጥባቸው ከ11 እስከ 25 የሆኑት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፦ ግማሾቹ ሆርሞኑን የሚዘጋ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሾቹ ኬሞም ተጨምሮ። ከ9 ዓመት በኋላ ካንሰር ሳይመለስባቸው ወይም አዲስ ሳይመጣባቸው በሕይወት ያሉት 83.3 እና 84.3 በመቶ ሆኑ። ለዚህች ለ1 ነው ያ ሁሉ ስቃይ!

ብዙ የማይወራ ነገርም አለ። በዚያው ጥናት ነጥባቸው ከነጮቹ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ካንሰሩ በጥቁር ሴቶች ላይ ይበልጥ ተመልሷል። ስለዚህ የእኛ ሴቶች ሐኪማቸውን ስለዚህ ቢጠይቁ አይከፋም።

ኬሞ ቀረ ማለት ደግሞ ሕክምና ቀረ ማለት አይደለም፤ ሆርሞኑን የሚዘጋው ኪኒን ቢያንስ 5 ዓመት ይዋጣል። ዕድሜም አለ። ከ50 በታች ሆነው ከ16 እስከ 25 ያመጡት ከኬሞ የተወሰነ ጥቅም አግኝተዋል። የ62 ዓመቷ ሴት 18 እና የ42 ዓመቷ 18 አንድ አይደሉም። እና ጓደኛችሁ ዕድሜዋ ስንት ነው?