ሲሊከንን ሰንጥቆ የሚያየው ብርሃን፦ የኢንፍራሬድ ምርመራ ምንድን ነው?

አዳማ ላይ ሶላር ፓነል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መስታወቱን ነው። ካልተሰበረ ጣራ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። ግን ከጅቡቲ ጀምሮ በመኪና ሲንገጫገጭ የመጣ ዕቃ መስታወቱ ደህና ሆኖ ውስጡ ያለው፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ስስ ሲሊከን ሊሰነጠቅ ይችላል። ዓይን ይህን አያገኘውም። ኢንፍራሬድ ያገኘዋል።

ኢንፍራሬድ ከቀይ ቀለም ማዶ ያለ፣ ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ አለፍ አድርጎ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ ሙቀቱ ጨመረ። እንዲህ ተገኘ።

ሰሚኮንዳክተር (እንደ ሲሊከን ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ) ውስጥ ኤሌክትሮንን ከታሰረበት ለማስለቀቅ የተወሰነ ጉልበት ያስፈልጋል። ለሲሊከን 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ነገሮች ጉልበት መለኪያ) ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ1.1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ያጠረ ብርሃን ይህ ጉልበት ስላለው ሲሊከኑ ይውጠዋል። የረዘመው ግን አቅም ስለሌለው ዝም ብሎ ያልፋል። ለእኛ ጥቁር ግራጫ የሆነው ነገር ለእሱ መስኮት ነው። የሌላው ሰሚኮንዳክተር፣ የጀርማኒየም ድንበር 1.8 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ የሙቀት ካሜራ ሌንስ ከጀርማኒየም የሚሠራውም የረዘመውን ኢንፍራሬድ ስለሚያሳልፍ ነው።

ፓነል ሲመረመር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ይገባና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ አሁን ራሱ ያበራል፤ በ1.15 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ደብዘዝ ብሎ። ልዩ ካሜራ ያነሳዋል። ደህናው ቦታ ይደምቃል፣ ስንጥቁ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ከሽቦው የተቆረጠው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይጨልማል። ቀጭን ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ቀን እየጋለ ማታ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን ሊሰፋ ይችላል፤ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም።

ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚመረምረው ዘዴ፣ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከገባው ብርሃን የትኛው ሞገድ ጎደለ? ሲሊከን በኳርትዝ ዕቃ ሲቀልጥ ኦክስጅን ይገባበታል። ያ ኦክስጅን 9 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጠዋል፤ ካርቦን ደግሞ 16.5 አካባቢ ያለውን። ጉድለቱ በጨመረ ቁጥር ባዕዱ ነገር በዝቷል ማለት ነው። ሳይቆረጥ፣ በአሲድ ሳይሟሟ መጠኑ ይታወቃል። በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ኤሌክትሪሺያኖች የሚይዙት የሙቀት ካሜራ ከዚህ ይለያል። እሱ የሚያሳየው ፓነሉ ፀሐይ ላይ እየሠራ ሳለ የጋለውን ቦታ ነው። ገና ያልጋለውን ቀጭን ስንጥቅ ሊያልፈው ይችላል።