በሰዓቱ የሚደርስ ሶፍትዌር፦ ከአዘዞ ጋራዥ እስከ ማርስ

አዘዞ መንገድ ካሉ ጋራዦች አንዱ ጋ ጎራ ብትሉ፣ መካኒኩ ከመሪው ሥር ስካነር ሰክቶ መኪና ሲያነብ ታያላችሁ። ስክሪኑ ላይ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኤርባጉ በየተራ ይመጣሉ። የሚያወራው አንድ ኮምፒውተር አይደለም። በየዕቃው ውስጥ የተቀበሩ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ተበታትነው፣ ግን ተናበው በሰዓቱ የሚሠሩ እንዲህ ያሉት የተከፋፈሉ ሪል ታይም ኢምቤድድ ሲስተሞች ይባላሉ።

ሪል ታይም ሲባል ብዙ ሰው ፈጣን ማለት ይመስለዋል። በተባለው ጊዜ መድረስ ማለት ነው። ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር ፍሬን ረግጦ ጎማው ሊቆለፍ ሲል፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ የፍሬኑን ግፊት ማላላት ያለበት በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ነው። ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ መልስ ምን ይጠቅማል?

የመኪናው ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የሚነጋገሩት የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ባስተዋወቀው ካን በሚባል መስመር ነው። ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች፣ በቃ። ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል መናገር ቢጀምሩ የመልእክት ቁጥሩ የሚያንሰው ይቀጥላል፤ ሌላው ዝም ብሎ መስመሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። አንድም መልእክት አይበላሽም። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። በከተራ ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ተነሥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ቀድሞ የደረሰው ቆሞ ይጠብቃል። ማሽን እንዲህ የመጠበቅ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ፒቲፒን የመሰሉ፣ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሰዓት የሚያናብቡባቸው ደንቦች የየኮምፒውተሩን ሰዓት አስቀድመው ያስተካክላሉ፤ ልዩነቱ ከማይክሮ ሰከንድ በታች ሊወርድ ይችላል።

በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ እንደ ቪኤክስወርክስ፣ ፍሪአርቶስ ወይም ዜፈር ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይኖራል። አስቸኳዩ ሥራ ሲመጣ ሌላውን አስቁሞ ያሳልፈዋል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን እያጠፋ ይነሣ ነበር። የአየር ሁኔታ የሚመዘግበው፣ ቅድሚያው ዝቅተኛ የሆነ ሥራ አንድ የጋራ ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚይዘው ፈቃድ) ይዞ ሳለ ቅድሚያው መካከለኛ የሆነ ሥራ ገብቶ ያስቆመዋል። ዋናው ሥራ ያንን ቁልፍ እየጠበቀ ሰዓቱ ያልፍበታል። መፍትሔው ቅድሚያ ማውረስ ነበር፦ ቁልፉን የያዘው፣ እስኪለቅ ድረስ የሚጠብቀውን ሥራ ማዕረግ ይወርሳል። ይህ አሠራር ቪኤክስወርክስ ውስጥ ነበረ፤ አልበራም እንጂ። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው አበሩት።

ፍሪአርቶስ ዛሬ በነፃ ይወርዳል። ጎንደር ያለ ተማሪ ሁለት ርካሽ ቦርዶችና ሁለት ሽቦ ካገኘ፣ ያንኑ ችግር ጠረጴዛው ላይ ፈጥሮ መፍታት ይችላል።